ቅዳሜ ይሞታል የተባለው ሰው

ኑ፣ ወዲህ ጠጋ በሉ። አንቺ የሚወዛወዘውን ወንበር ተዪልኝና ደረጃው ላይ ተቀመጪ፤ ለጉልበቴ የሚመቸኝ ወንበሩ ነው። ወንድምሽም ያችን ኳስ ያስቀምጥና ይምጣ። ትናንት ከትምህርት ቤት ይዘሽው የመጣሽውን መጽሐፍ ስገልጥ፣ አንዲት የማውቃት ሴት ከገጹ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ከፎቶዋ ሥር «በአገራችን የአጭር ልቦለድን አጻጻፍ ከለወጡት አንዷ» ይላል። ይበል፣ እውነት ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ «የታሪኮቿ አጨራረስ ከየት እንደመጣ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ» ይላል። የሳቅሁት እዚህ ላይ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እዚሁ ኬንታኪ፣ ከዚህ ሁለት ኮረብታ ማዶ፣ ሳሊ ፎርክ በምንለው ሸለቆ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ከከሰል ማዕድኑ የሚመጣው ለእሑድ ብቻ ነው። በሸለቆው ውስጥ ዘጠኝ ቤት ነበርን፣ ዘጠኛችንም አንድ የስልክ መስመር እንጋራ ነበር። ለአንዱ ሲደወል በዘጠኙም ቤት ይጮኻል፤ ለማን እንደሆነ የሚለየው በአጠራሩ ነው። የእኛ ሁለት ረጅምና አንድ አጭር ነበር። የራስሽ ጥሪ ካልሆነ አታነሺም። ሕጉ ይኸው ነው። ሕጉን ያከበረ ሰው ግን አንድም አላውቅም።

በእኛ ዘንድ ነውሩ ማዳመጡ አልነበረም፤ ማዳመጥሽን ማመንሽ ነው። እናቴ ኦሌታ የስልኩን መስሚያ ቀስ ብላ ታነሣና ትንፋሽዋ እንዳይሰማ መናገሪያው ላይ የሳህን ማድረቂያ ጨርቅ ትጥልበታለች። እኔን «የሰው ስልክ ላይ ጆሮ መጣል የባለጌ ሥራ ነው» ብላ ቆንጥጣኛለች። ጨርቁ ግን ሁልጊዜ መሃሉ ላይ እርጥብ ነበር።

ሚስ ሄስተር ፕሩዊት ከእኛ ከፍ ብሎ ባለው ቤት ብቻዋን ነበር የምትኖረው። እዚሁ ሸለቆ ተወልዳ፣ ሲንሲናቲ ከተማ ሃያ ዓመት ስታስተምር ኖራ፣ ወንድሟን ክሌይተንን ማዕድኑ ውስጥ ድንጋይ ወገቡን ሲሰብረው ተመለሰች። ክሌይተን ከሚስቱ ጋር ሸለቆው አፍ ላይ ነበር፤ ከአልጋ አይወርድም። ታዲያ በየቀኑ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ረጅምና ሦስት አጭር ይጮኻል። የክሌይተን ጥሪ ነው። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። የጽሕፈት መኪና ስላላት ለመንግሥት ደብዳቤ መጻፍ የፈለገ ሁሉ እሷ ዘንድ ይሄዳል። እኔ ሥራዋ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የጧቱ ወሬ ደግሞ ሐሜት ነው ብዬ ነበር የማስበው። በጣም ጥሩ ሐሜት።

ማክሰኞ ማክሰኞ እንቁላል የማደርስላት እኔ ነኝ። ሌላው ሰው «እናትሽ ደኅና ናት?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ በሩን ይዘጋል። እሷ ግን እንቁላሉን ታስቀምጥና «ናዲን፣ ከባለፈው ማክሰኞ ወዲህ ምን አየሽ?» ትለኛለች። ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ሰው እንደዚያ ሲጠብቅሽ ያየሽውን ብቻ ሳይሆን ማየትሽን የማታውቂውን ሁሉ ነው የምታወጪው።

አንድ ማክሰኞ የአጎቴን የታድን ነገር ነገርኋት። ታዲየስ ሪግኒ የእናቴ አጎት ነው፣ ሰባ አራት ዓመቱ። ሚስቱ ሮዌና ባለፈው መጸው ሞታበት ብቻውን ቀርቷል። በሳምንት አንድ ቀን ወተት ሳደርስለት፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ቀርቦ አያለሁ። ባቄላውን ከቆርቆሮው ሳያሞቅ ይገለብጥና በአንዱ ይበላል። ከዚያ ሁለቱንም ያጥባል።

«አጎቴ፣ ያልተበላበትን ለምን ታጥበዋለህ?» አልሁት።

«አቧራ ይዞታል፣ የኔ ሚጢጢ» አለኝ።

ለሚስ ሄስተር ያልኋት ይህንኑ ነው። እሷም መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ጧት፣ እናቴ ውጭ ልብስ ስታሰጣ ስልኩ ጮኸ። አንድ ረጅም፣ ሦስት አጭር። በርጩማ ላይ ወጣሁ፣ ጨርቁን ጣልሁ፣ መስሚያውን አነሣሁ።

«...ሁለት ሳህን ያቀርባል» ትላለች ሚስ ሄስተር በዚያ ቀስ ባለ ድምጿ። «ከበላ በኋላ ሁለቱንም ያጥባል። አብነር ይበልጥ የሚያሸው ያልተበላበትን ነው።»

ይህ የአጎቴ የታድ ነገር ነው። አብነር የሚባል ሰው በሸለቋችን የለም። ትልልቅ ሰዎች ሰው ሲያሙ ስም እንደሚለውጡ ግን አውቃለሁ፤ እናቴም «አንዲት የማውቃት ሴት» ካለች ወይዘሮ ቢድልን ማለቷ ነው።

«መጨረሻውስ እቴ?» አለ ክሌይተን።

«ቅዳሜ ይሞታል።»

«ኧረ ሄስተር!»

«ሌላ መንገድ የለውም። ካፖርቱን ለብሶ፣ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። ቅዳሜ ጧት።»

«ጨካኝ ነሽ።»

«እኔ ምን ላድርግ? ማንም በሩን አላንኳኳለትም።»

በዚያ መስመር ላይ ሰው ሲሰለቸው ስልኩን መልሶ ይሰቅላል፤ ያን ጊዜ «ጠቅ» ይላል። ያን ጧት ግን አንድም ጠቅ አልነበረም። የወይዘሮ ቢድል ወፍ በሽቦ ጎጆዋ ውስጥ ስትንጫጫ ይሰማኛል፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው በኃይል ተናፈጠ። ሁሉም መስመሩ ላይ ናቸው፣ ሁሉም ሰምተዋል፣ አጎቴ ታድ ደግሞ አራት ቀን ብቻ ነው የቀረው።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ላቋርጣችሁ። ያ «ጠቅ» ለሚስ ሄስተር ምን እንደነበረ ያወቅሁት ካገባሁ በኋላ ነው። እኛ ተደብቀን የምናዳምጥ መስሎን ነበር እንጂ ሚስ ሄስተርስ የምታነብልን አውቃ ነው። የጻፈችውን ታሪክ ይዛ ለወንድሟ ስታነብ፣ ጠቅ ባለ ቁጥር በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጭረት ታደርጋለች። ከሰዓት በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ትቆርጠዋለች። «ለምን ረጅም ልቦለድ አትጽፊም?» ሲሏት «ዘጠኝ ቤት በሚጋራው መስመር ማን ያስጨርሰኛል?» ትል ነበር። ዛሬ ወረቀቶቿ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጠዋል። ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ከጭረቶቹ አጠገብ «ትርጉማቸው ያልታወቀ ምልክቶች» የሚል ካርድ አለ። አንዱ ጭረት እናቴ ናት፤ የጣደችው ባቄላ ሊያርባት ሲል ትዘጋ ነበር።

እንግዲህ ወደ ማክሰኞዬ ልመለስ። ለእናቴ እንዳልነግራት ማዳመጤን ማመን ይሆንብኛል። ዝም ብዬ ሳያት ረቡዕ ዕለት አንዲት ዶሮ አረደች። በእኛ ቤት ዶሮ የሚታረደው ለእሑድ ነው፣ አለዚያም ሰው ሲሞት። ሐሙስ ሠርታ ጨረሰችና ክዳን ባለው ሰማያዊ ሳህኗ ገለበጠችው። ሳህኑን ሳነሣው ሥሩ ላይ ጨርቅ ተለጥፏል፤ በጨርቁ ላይ «ኦሌታ» ይላል።

ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው በሞተበት ቤት ብዙ ሳህን ስለሚቀላቀል ነው ስም የሚለጠፈው። 

«ለማን ነው እማዬ?»

«ለአጎትሽ።»

«ምን ሆኖ?»

«ምንም! ዶሮዋ እግሯን ስታነክስ አላየሻትም? ልትሞት ስለሆነ አረድኋት። በይ ተራመጂ።»

ዶሮዋ ደኅና ነበረች። በጧት ስሮጥ ቀድማኛለች።

አጎቴ ታድ ቤት ስንደርስ ካፖርቱ ተቦርሾ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ቡናማ ሻንጣ በሩ ሥር ቆሟል። ሰው ወደ ሰማይ ሲሄድ ሻንጣ ይይዛል እንዴ ብዬ ተገረምሁ። ዶሮውን አስቀምጠን ሳንጨርስ ወይዘሮ ቢድል ገባች፤ ጎረቤቱ ናት፣ ወፍራምና ቀልደኛ ሴት። በሁለት እጇ የስኳር ድንች ጋግራ ይዛለች።

«አቶ ታድ፣ ሳላስበው አብዝቼ ሠርቼ ነው። ቢጣል ያሳዝናል።»

ከኋላዋ ሌላ ሴት መጣች፣ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ ይዛ። «በዚህ ሳልፍ ነው» አለች። ቤቷ ሸለቆው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነው፤ በዚያ በኩል የምታልፍበት ምንም ምክንያት የላትም። ቀጥሎ የክሌይተን ሚስት የፖም ኬክ ይዛ፣ ከዚያ ሌሎቹ፤ የበቆሎ ዳቦ፣ ዱባ፣ እንቁላል። ሰባት ሳህን። አንዷም ሌላዋን «ምን አመጣሽ?» አላለቻትም። ብትጠይቅ የራሷንም መናገር ሊኖርባት ነው።

አጎቴ ታድ በጠረጴዛው ዙሪያ ሁሉንም ክዳን እያነሣ አየ። ከዚያ ቀና አለና፣

«ማነው የሞተው?» አለ።



«እስካሁን ማንም!» ብዬ አለቀስሁ።

«ይህቺ ልጅ ምን ነካት?» አለች ወይዘሮ ቢድል።

«ሆዷን ነው» አለች እናቴ፣ ክንዴን እየጨመቀች።

ወደ ምድጃው ወስዳ ውኃ ስታጠጣኝ ወይዘሮ ቢድል ተከተለችን። ሁለቱ በሹክሹክታ ያወሩትን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

«ስምንት ወር ሙሉ፣ ኦሌታ። መብራቱን ከመስኮቴ አያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ተሻግሬ...»

«እኔስ? እኔ እኮ ሥጋው ነኝ። ወተቱን በልጅ እየላክሁ፣ እኔ ብሄድ ዕረፍት የምነሣው መስሎኝ ነበር የተውሁት።»

«ሻንጣውን አየሽው?»

«አይቻለሁ። ዝም በይ።»

እኔ ስለ መቃብር ልብሱ የሚያወሩ መሰለኝ። ስምንት ወሩን የሕመሙ ጊዜ አደረግሁት። አሁን ሳስበው፣ ከሴቶቹ መካከል ሰው ይሞታል ብላ የመጣች አንዲትም አልነበረችም። ሚስ ሄስተር የምታነበው ታሪክ እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ፤ ታሪኮቿም በመጽሔት ሲወጡ አይተዋል። አብነር ማን እንደሆነ ግን ለማወቅ ሁለት ሳህን በቅቷቸዋል። አፍረው ነው የመጡት። በሳህኖቹ ሥር የነበረው ስም ደግሞ ከሮዌና ቀብር የቀረ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳህኖቹ ወደዚያ ቤት ተመልሰው ስላልሄዱ ማንም አላነሣውም።

ዓርብ ጧት ወደ ሚስ ሄስተር ሮጥሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። ሳላንኳኳ ነው የገባሁት።

«ሚስ ሄስተር፣ እባክዎ አይግደሉት!»

«ማንን?»

«አጎቴ ታድን። ነገ ሊሞት ነው ብለዋል።»

መነጽሯን አወለቀች። «ስልክ ላይ ነበርሽ?»

«አዎ።»

«ጉድ ነው» አለች። «እዚህ ሸለቆ ማዳመጡን ያመነ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነሽ። ነይ፣ ተቀመጪ። እኔ አይደለሁም የምገድለው፣ ናዲን። አብነር ራሱ ነው የጨረሰው። ሚስቱ የለች፣ ሥራ የለው። ከዚያ ቤት ውስጥ የሚያቆየው ምንም ነገር አልቀረውም። የሌለውን አለው ብዬ ልዋሽ?»

«አለው እንጂ!»

«ምን አለው?»

«ሳህን!»

ዝም ብላ ጠበቀችኝ፤ እንደ ማክሰኞው። እኔም እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ቀጠልሁ። «ሰባት ሳህን አለበት። ከበታቻቸው ስም ተለጥፎባቸዋል። እናቴ የሰው ሳህን ይዞ መቅረት ነውር ነው ትላለች። ደግሞ ባዶውን አይመለስም፣ የሆነ ነገር ይደረግበታል። ቅዳሜ ከሞተ ማን ይመልሳል?»

 ሚስ ሄስተር ወንበሯን ወደ ጽሕፈት መኪናዋ አዞረች፤ ጀርባዋን ነው የማየው።

«ሂጂ» አለች። «ነገ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጋ ቁሚ። ጨርቁን እንዳትረሺ።»

ቅዳሜ አራት ሰዓት ሲሆን እናቴ ልብስ ልታሰጣ አልወጣችም። ስልኩ ጮኸ። እሷ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ምንም ሳትል በርጩማውን በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋችውና መስሚያውን አንሥታ በሁለታችን ራስ መካከል ያዘችው። ጸጉሯ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።

ሚስ ሄስተር አነበበች። አብነር ካፖርቱን ለብሷል። ሻንጣው እግሩ ሥር ነው። የሚወስደውን መኪና እየጠበቀ ሳለ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሳህኖች ላይ ያርፋል። «የሰው ሳህን ይዤ አልሄድም» ይላል ለራሱ። ወደ ጓሮ ወጥቶ ሚስቱ የተከለችውን እንጆሪ ይለቅምና የመጀመሪያውን ሳህን ይሞላል። የመጀመሪያው ቤት ሲደርስ «ቁጭ ይበሉ እንጂ» ይሉታል። ይቀመጣል። መኪናው ይመጣል፣ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ማንም ሲያጣ ይሄዳል። ሲመሽ የመለሰው ሁለት ሳህን ብቻ ነው። እዚያ ላይ አቆመች።

«እሰይ! አልሞተም!» ብዬ ጮህሁ።

እናቴ አፌን ስትይዘኝ ጊዜው አልፏል።  ከዚያ ወይዘሮ ቢድል በሳቅ ፈነዳች። ሌላዋ ተከተለች። መስመሩ በሙሉ እንደ ሠርግ ቤት ተንጫጫ፤ ለሃያ ዓመት አላዳምጥም ሲል የኖረ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተያዘ።

«ሄስተርዬ፣ ይሄኛው ይሻላል» ይላል ክሌይተን በመሃል፤ ማን ይስማው።

ያን ጊዜ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሄስተር» አለ።

አጎቴ ታድ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እሱም መስመሩ ላይ ነበር። ሳቁ በአንዴ ጠፋ።

«አቤት፣ አቶ ታድ» አለች ሚስ ሄስተር። 

«ያ ሰውዬሽ ሰባት ሳህን አለበት አልሽ?»

«ሰባት።»

«በቀን ሁለት ከመለሰ እስከ ማክሰኞ ይጨርሳል።»

«አይጨርስም። በየቤቱ ቁጭ በል ይሉታል።»

 ሲተነፍስ ይሰማናል። «እኔን የሚወስደኝ መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው» አለ ቀስ ብሎ። «ምን ልበላቸው?»

እናቴ ያን ጊዜ ያደረገችውን በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያደረገችው። ጨርቁን ከመናገሪያው ላይ አነሣችና አፏን አስጠግታ፣

«የኦሌታን ሰማያዊ ሳህን ሳልመልስ የትም አልሄድም በላቸው፣ አጎቴ» አለች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«የኔም አለ!» አለች ወይዘሮ ቢድል። «ከአያቴ የወረስሁት ነው። ሰንጥቀው ቢያመጡልኝ አልለቅዎትም!»

«የኔም!» «የኔም!»

«እሺ፣ እሺ» አለ አጎቴ ታድ። «ጆሮዬን ነው የሰነጠቃችሁት። እንጆሪው ደግሞ ለሁላችሁም አይበቃም፤ ግማሹን ወፍ በልቶታል።»

መኪናው ከየት እንደሚመጣ እኔ አልጠየቅሁም፤ የመላእክት መኪና መስሎኝ ነበር። የአውራጃው የአረጋውያን ቤት መኪና እንደነበረ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አጎቴ ታድ ለማንም ሳይነግር ቤቱን ትቶ ሊገባ ነበር። የማመልከቻ ደብዳቤውን የጻፈችለት ሚስ ሄስተር ናት። ለማንም ላትነግር በመጽሐፍ ቅዱስ አስምሏታል። በሸመገለች ጊዜ ስጠይቃት «አልናገርም ብዬ ማልሁ» አለችኝ። «ታሪክ አልጽፍም ብዬ ግን አልማልሁም።» የመጀመሪያው አጨራረስ ግን የምሯን ነበር። ሰባቱን ሳህን አላየችም ነበር፤ እነሱን ያየሁት እኔ ነኝ። ያን ዓመት ታሪኩ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ከዚያ ስንቱ ጸሐፊ እንደዚያ መጨረስ እንደተማረ መጽሐፍሽ ይነግርሻል።

አጎቴ ታድ የአውራጃውን መኪና ባዶውን መለሰው። ያን ዕለት ካፖርቱን አውልቆ የወይዘሮ ቢድልን ሳህን ይዞ ሲሻገር ከደጃችን ቆሜ አየሁት። እስኪመሽ አልወጣም። ሳህኖቹን መልሶ ሲጨርስ እንጆሪ የተቀበሉት ሴቶች ደግሞ ሞልተው ላኩበት። ያንን ሲመልስ ሌላው ይጠብቀዋል። በብርዱ ወራት የደረቀ ፖም ያደርግበት ነበር። እንደዚህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ሁለት ሳህን ማቅረቡን ግን አልተወም፤ ብቻ ብዙ ቀን ሁለተኛው የሚበላበት ሰው አገኘ። አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነበርሁ።

በሰማንያ አምስት ዓመቱ ሲሞት የእናቴ ሰማያዊ ሳህን እሱ ቤት ነበር። ከቀብር በኋላ ሴቶቹ ታጥቦ የደረቀውን ሳህን ይዘው መጥተው «ኦሌታ፣ ያንቺ ነው» አሏት። እናቴ አልተቀበለችም። «ቦታው ላይ አስቀምጡት» አለች። «ገና አልመለሰውም።»

ልጆቼ፣ ጉልበቴ ዛሬ እንዲህ ነው፣ ነገ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። ሰውየው አብነር አልነበረም፤ ታዲየስ ሪግኒ ነበር። አደራ፣ እናንተ እንኳ በስሙ አስታውሱልኝ።